የዞራና ሦስት እሺታ

ዞራና ማሽኑን ጠልታው አታውቅም። ጎረቤቱም ዘመዱም «ሥራዋን ማሽን ቀማት» እያለ ሲያዝንላት፣ እሷ የምታዝንበትን ነገር ፈልጋ ታጣዋለች። አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ደስ ያላት ይመስላታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትራም ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት አሻግራ እያየች ሳለ እንባዋ ይመጣል፤ ከየት እንደመጣ ግን አታውቀውም።

ቤልግሬድ ውስጥ፣ ከሳቫ ወንዝ ማዶ ባለ አንድ የመስታወት ሕንፃ ላይ ኤሌክትሪክ ትነግድ ነበር። የነገውን ኃይል የሚነግዱት ሰዎች ከቀትር በፊት ዋጋቸውን ያስገባሉ፤ ገበያው ይዘጋል፤ ውጤቱን አይተው ምሳቸውን ይበላሉ። የዞራና ሥራ የሚጀምረው ነገሩ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ነው። ቡልጋሪያ ላይ ደመና ይመጣና ፀሐዩ ይከዳል፤ ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ማመንጫ ተበላሽቶ ይቆማል፤ ግሪክ ውስጥ ሙቀቱ ይበረታና ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ያን ጊዜ እሷ ካንዱ ድንበር ገዝታ ለሌላው ድንበር ትሸጣለች፤ ቶሎ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ። ኤሌክትሪክ ጎተራ የለውም። የዚህ ሰዓት ኃይል ለሚቀጥለው ሰዓት አይተርፍም።

ከዚህ የተነሣ እሺም እምቢም ለማለት ጊዜ አይወስድባትም ነበር። ባሏ ሲኒሻ የሙዚቃ መምህር ነው፤ ዝግ ያለ ሰው። «ሻይ ላፍላልሽ ወይስ...» ብሎ ሳይጨርስ መልሱ ይደርሰዋል። «እስኪ መጀመሪያ ጥያቄውን አስጨርሺኝ» ይላታል። እሷ ግን የሰው ልጅ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ለምን ያን ያህል እንደሚቆይ አይገባትም።

ሥራ ቦታ አጠገቧ የሚቀመጠው ኡግሌሻ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሱፍ አበባ ፍሬ ይቆረጥማል፤ ጺሙ ውስጥ ቅርፊት አይጠፋም። ስክሪኑን እያየ «ሃንጋሪ ጠማት» ይላል። «ታዲያ አጠጣት እንጂ እኔን ምን ታየኛለህ» ትለዋለች። ብዙ ዓመት እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ። ዞራና ከገዛ ባሏ ሳል ይልቅ የኡግሌሻን ሳል ትለየዋለች።

ማሽኑ የመጣው ሊረዳቸው ነው ተብሎ ነው። ማሽን ተባለ እንጂ የሚታይ ነገር የለውም፤ ስክሪን ላይ በራሱ የሚገለባበጥ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ትናንሾቹን ንግዶች ወሰደ። ቀጥሎ የቡልጋሪያን ድንበር ወሰደ። ዞራና አንድ ነገር አይታ ጣቷን ስታነሣ፣ እሱ ገዝቶ፣ ሸጦ፣ ወደ ሌላ አልፏል። መኸሩ ሲያልፍ እሷና ኡግሌሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተመልካች ሆኑ። «ቴሌቪዥን እያየን ደሞዝ የምንበላ ሰዎች ሆንን» አላት ኡግሌሻ አንድ ቀን። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ረጅም አልሄደም።

ብርዱ መግባት ሲጀምር ኔቬና ተራ በተራ ጠራቻቸው። ኔቬና የንግድ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቷት የሚያውቅ የለም። እሷና ዞራና በወጣትነታቸው የአገሪቱ የመብራት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አብረው ጀምረዋል፤ መጀመሪያ ወደ ንግዱ የወጣችው ኔቬና ነበረች፤ ኋላ ዞራናን ጠርታ አስገባቻት። ያን ቀን ኡግሌሻ ቀድሞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወጣና የሱፉን ከረጢት ከጠረጴዛው አነሣ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ ዞራናን እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳማት። «ግቢ» አላት። «ላንቺ ወንበር አለ።»

ኔቬና ነገር ማስረዘም አትወድም።

«ጋዝ» አለች።

«ጋዝ አላውቅም።»

«የኤሌክትሪክ ንግዱንስ ስትመጪ ታውቂው ነበር? መምረጥ ትችያለሽ፤ ጊዜ ወስደሽ...»

«እሺ» አለች ዞራና።

ኔቬና በረዶው ሲበረታ፣ ከቅዱስ ኒኮላ በዓል በኋላ ባለው ሰኞ፣ ወደ ጋዙ ጠረጴዛ እንደምትዛወር ነገረቻት። ዞራና ወጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ለምን እሺ እንዳለች ራሷን ጠየቀች። ኡግሌሻ የተባረረበት ክፍል ውስጥ እምቢ ማለት ነውር መስሏት ይሆናል። ወይም ጥያቄ ስለመጣ ብቻ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት ሬልያ ከባናት ገጠር መጣ። ሬልያ ከልጅነቱ የሲኒሻ ጓደኛ ነው፤ ሲጋቡ ሚዜ ሆኖ ያቆማቸው፣ አሁን አድጎ ከቤት የወጣውን ልጃቸውንም ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። እዚያ አገር አበልጅ ማለት ከወንድም ይበልጣል እንጂ አያንስም። አሳማ ያረባ ነበር። የአሳማ በሽታ ገብቶ በረቱን ባዶ ሲያስቀርበት፣ በረቶቹን አፍርሶ ቦታውን በፀሐይ መብራት ሰሌዳ ሸፈነው። ጎረቤቶቹም አይተው ተከተሉት፤ አሁን መንደሩ ሁሉ ከበቆሎው ጎን ፀሐይ የሚያመርት ሆኗል። የሚያመርቱትን ኃይል የሚገዛቸው ደላላ ግን ደመና በመጣ ቁጥር ሰበብ እያበዛ አስመረራቸው።

ሬልያ ያመጣውን ቋሊማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ የዞራናን ሥራ ማሽን እንደወሰደው መስማቱን ተናገረ፤ እግዜር ያመጣው አጋጣሚ ነው አለ። የመንደሩን ኃይል ገበያ ላይ የሚሸጥላቸው፣ ነገ ስንት እንደሚያመርቱ የሚገምትላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቤት አለ፤ ሲኒሻም እዚያ ትምህርት ቤት አያጣም። ሲኒሻ «ይታሰብበት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ዞራና «እሺ አበልጄ» አለች።

ሦስተኛው በስልክ መጣ። ራዲም የሚባል ሰው ከፕራግ ደወለላት፤ እዚያ ያለ ትልቅ የንግድ ቤት ኃላፊ ነው። ሌላ ማሽን እየሠሩ ነበር፤ ሠሪዎቹ ሒሳብ እንጂ ገበያ ስለማያውቁ፣ ብዙ ዓመት ድንበር ላይ የነገደ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ምን እያሰበ ይገዛና ይሸጥ እንደነበር እንዲነግራቸው ፈለጉ። ዞራና ትራም ውስጥ ነበረች። አንዲት አሮጊት ከወንበሩ እንድትነሣላቸው በዓይናቸው ይለምኗታል። ለአሮጊቷ ተነሣች፤ ለራዲምም እሺ አለች። ከየካቲት ጀምሮ።

ይህን ለሲኒሻ አልነገረችውም። ልትደብቀው ብላም አይደለም። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ነገሩ እውነት መሆኑን ትጠራጠራለች። ጠዋት ጠዋት ስትነሣ ወደ ጋዙ ጠረጴዛ የምትሄድ ሴት ናት፤ የባናትን አየር ሁኔታ ስትመለከት የገበሬዎቹ ሰው ናት፤ ማታ ሳህን እያጠበች ፕራግ የት ሰፈር እንደሚከራዩ ታስባለች። ሦስቱም እውነት ይመስሏታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሊሆኑ እንደማይችሉ ታውቃለች፤ ግን እንደሚያውቅ ሰው አልሆነችም። ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ልትገዛ ድንች ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንዲያውም የጎረቤቷን በር በራሷ ቁልፍ ስትታገል ሴትዮዋ ከፍተውላት ተያዩ።

የሲኒሻ ቤት ዝክር የቅዱስ ኒኮላ ነው፤ ከአባት ከአያቱ የመጣ። በዚያ ቀን የሚጠራ የለም፤ የሚያውቅህ ሁሉ በሩ ክፍት መሆኑን ያውቃልና ይመጣል። ጠዋት ቄሱ መጥተው ዳቦውን ባርከው ቆርሰዋል፤ ሻማው በርቷል፤ አማቷ ስንዴውን ቀቅላ፣ ከለውዝና ከስኳር ጋር ፈጭታ፣ መስቀል ሥላበት ጠረጴዛው ላይ አኑራዋለች። ጾም ስለሆነ ምግቡ ዓሣ ነው። ዞራና እጇ ሁሉ የዓሣ ቅርፊት ሆኖ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሲኒሻ አነሣላት። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ትንሽ አወራና ዘጋው።

«አንድ የፕራግ ሰው ነው፤ ሥራ አብረን ምናምን አለ» አላት። «ለጉዳይ ቤልግሬድ መጥቷል። ደግ ሰው ይመስላል። ዛሬ ዝክር ነው፤ ና አልኩት።»

ዞራና ቢላዋውን ይዛ ቀረች። «ለምን ና አልከው?»

«ምን ልበለው? በዝክር ቀን አትምጣ ይባላል እንዴ?»

ያን ጊዜ ልትነግረው ትችል ነበር። ጊዜም ነበራት፤ ዓሣው ገና አልተጠበሰም። ግን አማቷ ገባችና ጨው ጠየቀች፤ ዞራና ጨው ሰጠች።

ከቀትር በኋላ ሬልያ መጣ፤ የቤቱ ሰው ነውና ካፖርቱን ራሱ ሰቅሎ፣ ራሱ አረቄውን ቀድቶ ተቀመጠ። ኔቬና መጣች፤ በየዓመቱ ትመጣለች። ጥቂት የሲኒሻ የሥራ ባልደረቦችም ነበሩ። በመጨረሻ ራዲም አበባና ወይን ይዞ ገባ፤ ረጅም፣ መላጣ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው። እንግዳ ሲገባ ከስንዴው አንድ ማንኪያ ቀምሶ ያልፋል። ራዲም ቀመሰ፤ ጣፈጠው፤ ደገመ፤ ከዚያ ሳህኑን ተቀብሎ ተቀመጠና እንደ ምሳ ይበላው ጀመር። አማቷ ከደስታዋ የተነሣ የምትሆነውን አጣች።

ሬልያና ራዲም አንዱ ያንዱን ቋንቋ ስለማይሰሙ ሲኒሻ መሐል ተቀምጦ ያስተረጉማል። ስለ ዓሣ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ፕለም አረቄ ተወራ። ዞራና ሳህን ታመላልሳለች፤ ያልጨረሰ ሰው ሳህን ሳይቀር ታነሣለች። ኔቬና በዓይኗ ትከተላታለች።

ሬልያ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ቅዱስ ኒኮላ ይህን ቤት ይጠብቀው አለ፤ ሁሉም አሜን አለ። «ደግሞ የምሥራች አለኝ» ብሎ ቀጠለ። «በረዶው ሲቀልጥ ዞራና የኛ ናት። የመንደራችንን ፀሐይ የምትሸጠው እሷ ናት።»

ኔቬና ሹካዋን አስቀመጠች። «የትኛዋ ዞራና?»

«ስንት ዞራና አለች?» ሬልያ ሳቀ።

«እኔ የማውቃት ሰኞ ጋዝ ትጀምራለች።»

ራዲም ወደ ሲኒሻ ጎንበስ ብሎ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀ። ሲኒሻ ተረጎመለት። ራዲምም ፈገግ ብሎ ጥቂት ተናገረ። ሲኒሻ ከቅድም ጀምሮ እንዳደረገው ወደ ጠረጴዛው ዞሮ፣ ማስተርጎሙን ያዘ፦ «አንድ የተሳሳተ ነገር አለ ይላል፤ ዞራና በየካቲት ፕራግ እኛ ጋ ልትጀምር ተስማምታለች፤ ቤት እንኳ እየፈለግንላት...» አፉ ውስጥ ያለው ቃል ምን እንደሆነ የገባው እዚህ ሲደርስ ነው። ቆመ። ሚስቱን አያት።

አማቷ ዓሣ የሚጨመርለት ሰው እንዳለ ጠየቀች።

ዞራና ማስረዳት ፈለገች። አፏን ከፈተች፤ ግን የምትናገረውን ከማን ጀምሮ ወደ ማን እንደምትናገር ጠፋባት። ለሬልያ የሚሆነው ቃል ለኔቬና አይሆንም፤ ለራዲም የሚሆነው ለሲኒሻ ጭራሽ አይሆንም። ሬልያ ብርጭቆውን ሳይጠጣው አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ለሲኒሻ «ዝክርህን ለከርሞ ያድርስልህ» አለውና ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ዞራናን ሳይስማት ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እሷ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ኔቬና ተከትላት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ከሦስታችን የትኛውን ነው የምትፈልጊው?»

«አላውቅም።»

«ስለዚህ ሦስታችንንም ገዛሽን። ገበያው ሳይዘጋ የማልፈልገውን እሸጣለሁ ብለሽ።»

«እንደዚያ አላሰብኩም።»

«አላሰብሽም፤ ለምዶብሽ ነው።» ኔቬና ከሳህኑ አንድ የዓሣ ቁራጭ በጣቷ አንሥታ ጎረሰች። «ሰኞ ብትመጪ ወንበሩ አለ። ባትመጪ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ። አልቀየምሽም። ግን አሁን እሺ እንዳትዪኝ፤ ሰኞ በእግርሽ መጥተሽ አሳዪኝ።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ሲኒሻ ሳህን ያደርቅ ጀመር። አንዱን ሳህን ይዞ ረጅም ጊዜ አሸው። ፕራግ ስትሄድ እሱ የት ሊሆን እንደነበር ጠየቃት። ዞራና መልሱን ፈለገች፤ እውነቱ ግን ይህ ነበር፤ «አላሰብኩህም» አለችው። ሲኒሻ ሳህኑን አስቀምጦ ሌላ አነሣ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቤቱ ውስጥ ፒያኖው እንጂ ሰው አላወራም ማለት ይቻላል። የሚገርመው፣ ዞራና ዝምታውን አልጠላችውም፤ ማንም አይጠይቃትማ።

ለራዲም በዝክሩ ማግስት ደውላ እንደማትመጣ ነገረችው። ምክንያቱን ጠየቃት። ባሏ ነው እንዳትል ባሏ ምንም አላለም፤ ፕራግን ጠልታ ነው እንዳትል አልጠላችም። «አላውቅም» አለችው። ራዲምም ያ ስንዴ እንዴት እንደሚሠራ እንድትነግረው ጠየቃት። ስልኩን ለአማቷ ሰጠቻት፤ አማቷም ቋንቋ ሳይገድባት በሰርብኛ ጮክ ብላ አስረዳችው፤ እሱ በቼክኛ መለሰ፤ የተግባቡ ይመስላሉ።

ሬልያ ጋ በስልክ አይሆንም። በአውቶቡስ ሄደች። ኮሻቫ የሚባለው ነፋስ በሜዳው ላይ እያፏጨ ይነፍስ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ ላይ በረዶ ጋግሯል። ሬልያ በረጅም መጥረጊያ ይጠርጋል። ሲያያት ሁለተኛውን መጥረጊያ በአገጩ አመለከታት። አነሣች። ጎን ለጎን ብዙ ጠረጉ፤ እጇ እስኪደነዝዝ።

«ለምንድን ነው እሺ ያልሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ስለጠየቅከኝ።»

«እኔንም ስንት ሰው ጠይቆኝ ያውቃል፤ እምቢ ብዬ ነው የሸኘሁት። ሰው አይሞትም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ብታውቂ ኖሮ ጎረቤቶቼን ሁሉ ሰብስቤ የዞራና መምጫ ብዬ ባልጋበዝኩ ነበር።» መጥረጊያውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። «ደግሞ ደላላውን አሰናብተነዋል።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ነፋሱ ጆሮዋን ሲያቃጥለው ቆማ፣ ደላላውን ያሰናበቱት በእሷ አንድ ቃል መሆኑን አሰበች። ከዚያ ኡግሌሻ ትዝ አላት። አብሯት ብዙ ዓመት የነገደ ሰው እንዳለ፣ አሁን ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ነገረችው። ሬልያ ብዙ አሰበበት።

«ልጮህበት እችላለሁ?»

«እሱም ይጮህብሃል።»

«ባንቺ ላይ መጮህ አልችልም ነበር» አለ። «አበልጅ ነሽ። ይህን ሳላስብ ነው የጠየቅኩሽ።» ታርቆ ይሁን ሳይታረቅ ፊቱ አይነግርም። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ግን ሸኛት።

ኡግሌሻን ዜሙን በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ በዳኑብ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አጠገብ አገኘችው። ጺሙን ተላጭቶ ሌላ ሰው መስሏል። ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሲሠራ እንደከረመ፣ ሚስቱም የሚደረደር ዕቃ እንዳለቀባት ነገራት። ዞራና ጉዳዩን ከነዝክሩ፣ ከነሦስት እሺታው አልደበቀችውም። ኡግሌሻ እየቆረጠመ ሰማት።

«የተረፈሽን ነው የምትሰጪኝ» አለ።

«አዎ።»

«እንዴት ያለ ነው የተረፈሽ?»

«አላውቅም። ነፋስ ይበዛል። ሰውየው ኃይለኛ ነው።»

ቅርፊቱን ወደ ወንዙ ተፋ። እሷን ወንበር ላይ አስቀርተው እሱን ያሰናበቱት ለምን እንደሆነ ኔቬናን ጠይቃት እንደሆነ ጠየቃት። አልጠየቀቻትም። እሱም አልጠየቀም። «እኔ በአንቺ ላይ ተቀይሜ ነበር» አላት፣ «ግን ጧት ተነሥቼ ሳስበው ምክንያቱ ይጠፋብኛል። ያንቺ ሰው የት ነው የሚገኘው?»

ሰኞ ዞራና ወደ ሥራ ሄደች። እግሯ ወደ ድሮው ወንበሯ ወስዷት ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ የፅዳት ሠራተኛዋ ናት የጋዝ ሰዎቹ ወዲያ ማዶ እንደሆኑ ያመለከተቻት። የጋዝ ሰዎች ዝግ ያሉ ናቸው። ሻይ ያፈላሉ፤ ስለ መጪው ሳምንት፣ ስለ መጪው ወር ያወራሉ። ዛሬ ምን እንደሚሆን የሚጨነቅ የለም። ቀናቸው እንኳ የሚጀምረው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዞራና እኩለ ሌሊት ላይ የሚገለበጥ ቀን ስለለመደች፣ ዛሬ የምትለው ለእነሱ ትናንት ይሆናል። ጋዝ በቧንቧ ይመጣል፤ ካልተፈለገም ምድር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ይወጣል። ይህን ማንም ልጅ ይረዳዋል። እሷም በአእምሮዋ ተረድታዋለች። እጇ ግን አልተረዳም።

ከልደት በኋላ አየሩ ባልታሰበ ሁኔታ ሞቀ። ዋጋው ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ዞራና ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ የድርጅቱ ጋዝ ከምድር በታች ተቀምጧል፤ ዋጋው ደግሞ በየሰዓቱ እያነሰ ነው። ቶሎ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ። ሸጠች። በማግስቱም ሸጠች። ሻይ የሚያፈሉት ሰዎች ቀና ብለው አይተዋት ነበር፤ ግን ከኤሌክትሪክ የመጣች ናት፣ የምታውቀው ነገር አለ ብለው ዝም አሉ። በሳምንቱ ከሩሲያ በኩል የመጣ ብርድ ዳኑብን በበረዶ ሸፈነው። የሸጠችውን ጋዝ መልሳ፣ በእጅጉ ተወዶ፣ መግዛት ነበረባት።

ኔቬና አጠገቧ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዞራና ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀች። ኔቬና ስክሪኑን አየችው።

«ጋዙን ኤሌክትሪክ አደረግሽው» አለች። «የትም አይሄድብሽም ነበር እኮ።»

«ቆሜ ማየት አቃተኝ።»

«አየሁ።» ተነሣች። «ለበላዮቼ እኔ እነግራለሁ። አንቺ ሻይ መጠጣት ተማሪ።»

ዞራና ይህ ቀልድ ይሁን ቁጣ ሳትለይ ቀኑ አለቀ። ሲኒሻ ሲሰማ ሳቀ፤ ከዝክሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበርና፣ ኪሳራዋ ባሏን እንዳሳቀላት ስታስብ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም። ያን ቀን ማታ ራት ላይ ጥያቄውን እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀችው። እሱም ልብ ብሎ፣ ጥያቄውን ሆነ ብሎ አስረዘመው።

የብርዱ ወራት እንዲህ አለፉ። አንዳንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ድሮው ጠረጴዛ ትሄዳለች። ስክሪኑ ያለ ሰው በርቶ፣ ቁጥሮቹ ይገለባበጣሉ፤ ድንበሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። መጀመሪያ ማሽኑ ለምን እንደገዛ፣ ለምን እንደሸጠ መገመት ትችል ነበር። በመጋቢት አልቻለችም። እሱ ተሻሽሎ ይሁን እሷ ረስታ፣ የሚነግራት የለም። ከዚያ በኋላ መሄዷን ተወች፤ መቼ እንደተወችው ግን አታስታውስም።

ለፋሲካ ሬልያ ቤት ተጠሩ። የተጠራው ሲኒሻ ነው፤ «ሚስትህንም ይዘህ ና» ተባለ። ኡግሌሻ ጺሙን መልሶ አሳድጎ፣ የገበሬ ቦት ጫማ አድርጎ ጠበቃቸው። ሬልያና እሱ በጉ እስኪበስል ድረስ ስለ አንድ ደመና ሲጨቃጨቁ ቆዩ፤ ባለፈው ሐሙስ የመጣ ደመና ነው፤ አንዱ ይታወቅ ነበር ይላል፣ ሌላው እግዜርም አላወቀው ይላል። መንደሩ ሁሉ የእነሱን ጩኸት ለምዶታል። ዞራና እያየቻቸው ቅናት ቢጤ ተሰማት። ያን ወንበር አልፈለገችውም፤ ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበት ስታየው የተመቸ መሰላት።

ሬልያ ለእሷ ጨዋ ሆኖ ነው የዋለው። ወንበር ይስብላታል፣ ቀይ እንቁላሉን መርጦ ይሰጣታል። ሳይጮህባት ዋለና ይኸው ጨዋነቱ ከበዳት። ሊሄዱ ሲሉ ግን መኪናው ድረስ መጥቶ በሩን ያዘ።

«ማዳበሪያ የሚሠራው በጋዝ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለበቆሎው ሁለተኛ ዙር ያስፈልገኛል። አሁን ልግዛ ወይስ ልቆይ?»

የድሮዋ ዞራና ብትሆን መልሱ ከአፏ ወጥቶ ነበር። አሁን ግን ሜዳውን እያየች ዝም አለች። ሲኒሻ መሪውን ይዞ አልቸኮለም።

«አላውቅም» አለች። «ሰኞ አይቼ እነግርሃለሁ።»

ሰኞ አየች። ማክሰኞም አየች። ሻይ ከሚያፈሉት ሰዎች ጋር አወራች፤ ማከማቻው እንዴት እየሞላ እንደሆነ፣ ጋዝ የጫኑት መርከቦች ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ጠየቀች። ረቡዕ ደውላ ቆይ አለችው። እሺ አለና ዘጋው። በዚያው ሳምንት የጋዙ ዋጋ፣ ከእሱም ጋር የማዳበሪያው፣ ወደ ላይ ወጣ። በሚቀጥለውም ወጣ። ሬልያ አልደወለም፤ እሷም መደወል ፈርታ እንቅልፏን አጣች፤ ሸጦ መገላገል የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ የተናገሩት ቃል መሬት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ ዋጋው ቀስ እያለ ወርዶ፣ ከፋሲካው ዋጋ በታች ሆነ።

አንድ ቀን ሲኒሻ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሬልያ እንደደወለለት ነገራት። «ለሚስትህ ንገራት፣ ማዳበሪያው ተገዝቶ ገብቷል» ብሎታል።

«ተደስቶ ነው ወይስ ተናዶ?» አለችው።

ሲኒሻ ጫማውን እያወለቀ አሰበበት። ነፋስ ስለነበረ ድምፁ በደንብ አልተሰማኝም አላት፤ ከኋላው ግን ኡግሌሻ ይጮህ ነበር።